የፋሲካውን ስጋ በነበልባል አናበላሸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ማራኪ ነው። ጋዜጣችሁን አባቴ እያስነበበኝ ነው ያደኩት፣ አሁንም አልተውኩትም፣ እና አንድ ነገር ልላችሁ ስል ስል ቆየሁ። በዓል በደረሰ ቁጥር በግ ስንት ገባ፣ በሬ ስንት ተጠራ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ እያላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው ይጻፍ፣ የዶሮ ወጥ አሰራርም አልፎ አልፎ አያለሁ። ግን ሰው ያን ሁሉ ብር ቆጥሮ የገዛውን ስጋ ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ሲጠብስ እንዴት አድርጎ እንደሚያበላሸው የጻፈ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔን ደግሞ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ገብር ኄር አልፎ ኒቆዲሞስ ደርሷል፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን፣ ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ብታወጡልኝ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ያለፈው ፋሲካ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሰፈር ሰው ጋር አስራ ሁለት ሆነን ቅርጫ ገባን፣ የፎገራ በሬ ነበር፣ የሚያምር። እሁድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ታረደ፣ ብልቱ ወጥቶ መደብ መደቡን ተመድቦ ዕጣ እስኪወጣ ረፋዱ 4 ሰዓት ሆነ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ስለነበር እስቲ ዘንድሮ ባርቤኪው እናድርግላት ተባለና ለሁለት የተሰነጠቀውን በርሜል ግቢው መሀል አወጣን፣ ከሰል ሞላንበት፣ ቶሎ እንዲይዝ ላምባ አፈሰስንበት። እሳቱ ቦግ ሲል ሁላችንም ደስ አለን፣ ነበልባሉ ገና እየዘለለ ስጋውን ደረደርነው። 8 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ጮማው ሲንጠባጠብ እሳቱ ይብስ ተነሳ፣ ውሃ ረጨንበት፣ አመዱ ተነስቶ ስጋው ላይ አረፈ፣ እንደገና ነደደ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ውጪው ከሰል መሰለ። እማዬን አስቀድመን አቀረብንላት። 55 ቀን ሙሉ ጾማ የቆየች እናት ናት፣ እድሜዋም ገፍቷል። አንድ ሙዳ አነሳች፣ አላመጠች፣ አላመጠች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ከልላ ከአፏ አወጣችና ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። አየኋት። «ጥርሴ ነው ልጄ፣ ስጋውስ ደህና ነው» አለችኝ። ጥርሷ አልነበረም። እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ውጪው መራራ፣ ውስጡ ጥሬ፣ ላምባ ላምባ ይላል፣ ሲታኘክ ደግሞ ጫማ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ተውኩት ማለት አልቻልኩም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ስጋ ቤት የሚሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ እሳቸውን ጠየቅኩ፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር ከሰል ላይ ስጋ ጠብሳ የምትሸጥ እህት አለች፣ አጠገቧ ቆሜ አየሁ፣ የአክስቴ ልጅም ከተመለሰች በኋላ በስልክ ብዙ ነገር አስረዳችኝ፣ ከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ስጋ እየገዛሁ ሞከርኩ። ሶስቱም ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ። ስጋችን ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ፍሙን አለመጠበቃችን ነው።

እስቲ ከከሰሉ ልጀምር ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚያ ነው ያለው። ከሰል ሲነድና ከሰል ፍም ሲሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነበልባል ሲኖር ገና ያልተቃጠለ ጢስና ጋዝ እየወጣ ነው፣ ያ ጢስ ስጋው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀመጣል፣ መራራነቱ እሱ ነው። ፍም ሲሆን ግን ነበልባሉ ይጠፋል፣ ከሰሉ ከውስጥ ቀልቶ ላዩ ነጭ አመድ ይለብሳል፣ ሙቀቱ አንድ ወጥ ይሆናል። ያን ለማግኘት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ያቺ መንገድ ዳር የምትጠብሰው እህት ሰው ተሰልፎ እየጠበቃት እንኳን ከሰሉ ግራጫ ካልሆነ ስጋ አታስቀምጥም። «የራበው ይጠብቃል፣ ያረረ ግን አይመለስም» አለችኝ እያራገበች።

ላምባ በፍጹም አይሁን። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየከተቱ የሚያቀጣጥሉም አይቻለሁ፣ ያ ደግሞ መርዝ ነው፣ ስጋው ላይም ያርፋል፣ አጠገቡ የቆሙት ልጆችም ይተነፍሱታል። ጭራሮ አለ፣ ደረቅ የባህር ዛፍ ቅርፊት አለ፣ የቆየ ጋዜጣ አለ። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ትልቅ የዘይት ጣሳ ወሰድኩ፣ አናቱን ከፈትኩት፣ ስሩንና የታችኛውን ጎን በሚስማር ደጋግሜ በሳሁት፣ ከላይ በሽቦ እጀታ ሰራሁለት፣ መጀመሪያ ባዶውን እሳት ላይ አድርጌ ቀለሙን አቃጠልኩት። ከዚያ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ከስር ጋዜጣና ጭራሮ፣ ከላይ ከሰል፣ አንድ ክብሪት። አየሩ ከታች እየገባ ወደ ላይ ስለሚስበው ራሱ ይያያዛል፣ ማራገብ የለም፣ 20 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ከላይ ያለው ከሰል ራሱ አመድ መልበስ ይጀምራል፣ ያኔ በርሜሉ ላይ መገልበጥ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ከሰል በደንብ እንዲቀጣጠል ከስሩ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በርሜላችሁ ከታች ካልተበሳ አስበሱት።

የከሰሉ ዓይነትም ይለያል። የባህር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፣ ቶሎ ይይዛል ቶሎ ያልቃል፣ ለቡና ይሆናል ለትልቅ ስጋ ግን መሀል ላይ ጥሎ ይሄዳል። ከቆላ የሚመጣው የግራር ከሰል ከባድ ነው፣ ሲጋጭ እንደ ብረት ድምጽ ይሰጣል፣ ፍሙ ይቆያል። ግን የቆላው ግራር ተቆርጦ እያለቀ ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። በአዊ በኩል ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ራሳቸው ተክለው በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል ያወጡበታል፣ መልሰው ይተክላሉ። የዚያን ከሰል ካገኛችሁ እሱን ግዙ፣ ፍሙም ጥሩ ነው፣ የተፈጥሮ ደንም አልተነካም። የረጠበ ከሰል ደግሞ ከሻጩ አትቀበሉ፣ ሲፈነጥቅ ዓይን ያጠፋል።

አሁን ደግሞ ወደ ስጋው ልምጣ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ እኔም አላውቀውም ነበር። ከብት እንደታረደ ያለው ስጋ ለስላሳ ነው፣ ቁርጡ ወዲያው ሲበላ የሚጥመው ለዚያ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ጡንቻው ይደርቃል፣ ይጨመደዳል፣ ሳይንሱም ስም አለው፣ የሞተ አካል ሁሉ እንደሚደርቀው ማለት ነው። የበሬ ስጋ እዚያ ድርቀት ውስጥ እያለ እሳት ላይ ከወጣ የፈለጋችሁትን ብታደርጉ አይለሰልስም። ከአንድ ቀን በኋላ ግን በራሱ እየላላ ይመጣል፣ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ደግሞ የበለጠ። እኛ ጠዋት 12 ሰዓት አርደን 8 ሰዓት ላይ ስንጠብስ ልክ ከክፉው ሰዓት ጋር ነው የተገናኘነው። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ሳቁ፣ «ታዲያ እኛ ለጥብስ የሚሆነውን ለምን አሳድረን እንሸጣለን መሰለህ» አሉኝ።

ስለዚህ የዕለቱን ጥሬ ለሚበላ ይተዉና ለከሰል የታሰበው ይደር። ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ፣ የሌለው ደግሞ ንጹህ ጨርቅ አልብሶ ንፋስ በሚያገኘው ቀዝቃዛ ክፍል ሌሊቱን ይስቀለው። ፌስታል ውስጥ ግን አይታሰር፣ ያልበዋል ይሸታልም። ሚያዝያ ደግሞ የጎንደር ቀን ይሞቃል፣ ፍሪጅ ከሌለ ቀን ላይ እንዳይውል፣ ጠዋቱን ይጠበስ።

ከቅርጫው የቱን ልጥበስ ለምትሉ፣ ጭቅናና ሽንጥ ለከሰል የተፈጠሩ ናቸው። ጎድኑም ጥሩ ነው ግን በዝግታ። ወርችና ፍሪምባ ጅማታቸው ብዙ ስለሆነ ለወጥ ይሁኑ፣ ከሰል ላይ ማውጣት ካስፈለገ ሰዓታት የሚፈልግ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ አሜሪካኖች እንዲያውም ቃሉን ይለያዩታል፣ በትልቅ ሙቀት ቶሎ የሚጠበሰውን ግሪል ይሉታል፣ ባርቤኪው የሚሉት ደግሞ እንደ ፍሪምባ ያለውን ጠንካራ ስጋ በትንሽ ሙቀትና በጢስ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ አቆይተው የሚያለሰልሱትን ነው። ቃሉ ራሱ ከካሪቢያን ደሴቶች ነባር ህዝብ ከታይኖዎች የመጣ ነው፣ ባርባኮአ፣ ከእሳት በላይ የሚሰራ የእንጨት ርብራብ ማለት ነው። እኛ ግቢያችን ውስጥ የምናደርገው እንግዲህ ግሪሉን ነው።

ከበግ ደግሞ ታፋውን አጥንቱን አውጥቶ ዘርግቶ መጥበስ እጅግ ይጥማል፣ የፋርጣ በግ ከሆነማ ምን ልበላችሁ። ላቱን አትጣሉት። ከላቱ ቁራጭ በሹካ ሰክታችሁ የጋለውን ፍርግርግ እሹበት፣ ስጋው አይጣበቅም፣ ሽታውም ብቻውን ጎረቤት ይጠራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ እሳቱን ሁለት ቦታ መክፈል። እኛ ከሰሉን በርሜሉ ላይ ሙሉውን እንዘረጋዋለን፣ ከዚያ ስጋው ሲያርር የምናሸሽበት የለንም፣ ውሃ መርጨት እንጀምራለን። ውሃ ሲረጭ አመድ ይነሳል፣ ያ አመድ የሚያርፈው ስጋው ላይ ነው። ይልቅ ፍሙን በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሰብስቡት፣ ግማሹ በርሜል ባዶ ይሁን። ስጋው መጀመሪያ ከፍሙ በላይ ይሁን፣ ሁለቱም ፊት ቡናማ ይሁን፣ ከዚያ ወደ ባዶው ወገን ይሻገር፣ እዚያ በዝግታ ውስጡ ይበስላል። ጮማ ተንጠባጥቦ ነበልባል ከተነሳም ወደ ባዶው ማሸሽ ነው፣ በግማሽ ደቂቃ ይበርዳል። ይቺ ነገር ብቻዋን የእኔን ጥብስ ለወጠችው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ሙቀቱን ለማወቅ እጃችሁን ከፍርግርጉ አንድ ስንዝር ከማይሞላ ከፍታ ላይ ዘርጉና ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሶስት ሰከንድ ላይ እጃችሁን ካነሳችሁ ለቀጭን ዝልዝል የሚሆን ኃይለኛ ነው። አምስት ስድስት ከቻላችሁ መካከለኛ ነው፣ ለዶሮና ለወፍራም ስጋ። ስምንት ከደረሳችሁ ከሰል መጨመር ነው፣ የምትጨምሩትንም በጣሳው ፍም አድርጋችሁ ነው እንጂ ጥሬውን አይደለም።

ዝልዝሉ የጣት ውፍረት ካለው በኃይለኛ ፍም ላይ ሶስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቶሎ ቶሎ መገልበጥ ነው። አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ሁለቱንም ሞክሬ ቶሎ ቶሎ የተገለበጠው እኩል ሲበስል አይቻለሁ፣ ማረሩም ይቀንሳል። በማንኪያና በቢላ ሆድ መጫን ይቅር፣ ቺስ ሲል ደስ ይላል ግን ያ የሚወጣው የስጋው ወዝ ነው፣ እሳት እየበላው ነው።

ጨው። ስጋው እሳት ላይ ሊወጣ አስር ደቂቃ ሲቀረው ከጨመራችሁ ውሃውን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ስጋው ረጥቦ ነው የሚገባው፣ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል። ወይ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጨምሩ፣ የወጣው ውሃ ተመልሶ ይገባል ጨውንም ይዞ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ልክ ሊወጣ ሲል። ላዩን በንጹህ ጨርቅ አድርቁት፣ ያ ቡናማው ቅርፊት የሚመጣው የስጋው ላዩ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ደግሞ እዚያ አይደርስም፣ መጀመሪያ ውሃው ተኖ ማለቅ አለበት።

ሚጥሚጣና አዋዜ ስጋው ላይ ቀብተው ወደ እሳት የሚያወጡ ሰዎች፣ እባካችሁ። በርበሬ እሳት ላይ ያራል፣ ይመራል፣ ግቢው ሙሉ ሰው ያስላል፣ ህጻናቱ ያለቅሳሉ። እሳት ላይ የሚወጣው ስጋ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ከፈለጋችሁ ትንሽ ዝንጅብል ይበቃዋል። ጥብስ ቅጠሉን በብዛት ካላችሁ ደግሞ ጥቂት ቅርንጫፉን ፍሙ ላይ ጣሉ፣ ጢሱ ስጋው ውስጥ ይገባል። አዋዜው ስጋው ከወረደ በኋላ ይምጣ። ቅቤም እንደዚያው፣ ያልተነጠረ ቅቤ እሳት ላይ ይቃጠላል፣ እንጥር አድርጋችሁ ኮረሪማውን ጨምራችሁ ስጋው ሲያርፍ አፍሱበት፣ ያኔ ታያላችሁ።

ስጋው ሲያርፍ ያልኩት በምክንያት ነው። ከእሳት የወረደ ስጋ ወዲያው ከተቆረጠ ወዙ ሳህን ላይ ይፈሳል። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይቆይ። እኔ የማደርገው ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቼ ስጋውን እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከላይ ሳህን ደፋ አደርግበታለሁ እንጂ ጥብቅ አድርጌ አልከድነውም። የሚወጣው ወዝ እንጀራው ውስጥ ይገባል። እመኑኝ ከስጋው በፊት እንጀራው ነው የሚያልቀው፣ ልጆቼ ጫፍ ጫፉን ቀድደው ይጨርሱታል። ሲቆረጥ ደግሞ የስጋውን ክር አይታችሁ ክሩን የሚያቋርጥ አድርጋችሁ ነው፣ ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ጥርስ ያደክማል። እማዬን ያደከማት አንዱ እሱም ነበር።

ዶሮ ካሰባችሁ የሐበሻውን ለወጥ ተዉት፣ ጠንካራ ነው፣ ለከሰል የፈረንጁ ይሻላል፣ ባዶው ወገን ላይ በዝግታ። ከጎርጎራ የሚመጣ ቆሮሶ ዓሳ ካገኛችሁ በዘይት አሽታችሁ በጋለ ፍርግርግ፣ ሊገለበጥ ሲደርስ ራሱ ይለቃል፣ ካልለቀቀ አትታገሉት።

ስለ በስሏል አልበሰለም። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴሩ ለህዝብ የሚነግረው ቁጥር አለ፣ ሙሉ የበሬና የበግ ስጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ ሶስት ደቂቃ ይረፍ፣ የተፈጨ 71፣ ዶሮ 74። ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ ይልቅ የስጋ ቴርሞሜትር አስመጡ። ካልሆነ ወፍራሙን ቦታ ሰንጥቆ ማየት ነው፣ ዶሮ ከሆነ ውሃው ጥርት ብሎ መውጣት አለበት ግን ውሃው ብቻውን አያስተማምንም ስለዚህ ዶሮ ላይ ለእርግጠኝነት ጨመር አድርጉ። ኮሶ የሚያሲዘው ትል ስጋው ውስጥ ያለው እጭ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይሞታል፣ ግቢ ውስጥ የታረደ ከብት ደግሞ በቄራ እንደሚታረደው ሐኪም አላየውም፣ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር የሚቀርበው በደንብ ይብሰል። ያረረውንም ቆርጣችሁ ጣሉት፣ በጣም ያረረ ስጋና ጮማ እሳት ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጢስ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር እንዳለው የታወቀ ነው።

በርሜሉን ለምታሰሩ ሁለት ነገር። በርሜሉ በፊት ምን እንደያዘ ጠይቁ፣ ኬሚካል ከነበረ ተዉት፣ ዘይት ከነበረም መጀመሪያ በትልቅ እሳት ይቃጠል። ፍርግርጉ ደግሞ ያ ነጭ የሚያብለጨልጨው ዚንክ የተቀባ ሽቦ እንዳይሆን፣ ሲግል ዚንኩ የሚያሳምም ጢስ ያወጣል፣ ብየዳ የሚሰሩ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ተራ ብረት ይሻላል፣ ይዝጋል ግን በላት ይታሻል። ክዳን ካሰራችሁ ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው፣ ማራኪ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አያስቀምጥም። አሜሪካ ያለው ክብ ክዳን ያለው ግሪል የመጣውም በዚሁ ችግር ነው፣ በ1952 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ቺካጎ አካባቢ ብረታ ብረት የሚሰራ ሰው ንፋስ ሲያስቸግረው ባህር ላይ የሚንሳፈፈውን የብረት ድቡልቡል ለሁለት ቆርጦ ሰራው። የእኛ ብየዳ ቤት ልጆች ይሄን በግማሽ ቀን ይሰሩታል፣ እኔም ያሰራሁት አዘዞ ነው።

አንድ የምጨነቅበት ነገር አለ። ማታ ሲበርድ፣ ጎንደር ደግሞ ማታዋን ታውቋታላችሁ፣ ከጥብሱ የተረፈውን ፍም ማንደጃ ላይ አድርጎ ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው፣ ይሙቀን ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ ልጆች አጠገቡ ይተኛሉ። ፍም ጢስ የለውም እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ ከዚያ አይነቃም። በሰፈራችን በዚህ የተጎዳ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። ጥብሱ ሲያልቅ ውሃ አፍስሱበት፣ አመዱን አገላብጡት፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ መብረዱን እዩ፣ እዚያው ውጪ ይደር። ዝናብ ቢመጣም በረንዳ ስር አትጥበሱ፣ ጭሱ ወደ ቤት ነው የሚገባው።

አዘጋጆቹ፣ ደብዳቤዬ ረዘመ፣ ከረዘመ ቁረጡት ግን የፍሙንና የከሰል ጋዙን ክፍል እባካችሁ አትንኩት። ከሆሳዕና በፊት ቢወጣ ቢያንስ ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች የእርዱን ቀን ከአሁኑ ይነጋገሩበታል። ከዚያም በኋላ ቦታ ካላችሁ በየበዓሉ አንዲት ጥግ ለዚህ ስጡ፣ ከቆላ በኩል ስጋ የሚያደርቁ፣ ከጣና ዳር ዓሳ የሚጠብሱ፣ ከእኔ የተሻሉ ብዙ አንባቢዎች እንዳሏችሁ አውቃለሁ፣ እነሱም ይጻፉ።

የኛ ቅርጫ ዘንድሮ ተነጋግሯል። እሁድ የሚበላው ዶሮውና ጥሬው ነው፣ ተልባውም አለ፣ ጾም ለፈታ ሆድ እሱ ይበቃል። ጭቅናውና ሽንጡ ለማዕዶት ሰኞ እንዲያድር አስራ ሁለታችንም ተስማምተናል። ከሰሉን በረንዳዬ ላይ ከዝናብ ከልዬ አስቀምጫለሁ፣ ጣሳው አለ፣ ለእማዬ የሚሆነውን ሙዳ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ከወፍራሙ ጫፍ ሊቆርጡልኝ ቃል ገብተውልኛል።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ጎንደር፣ ማራኪ